ከነጠላዬ ጫፍ የተቋጠረችው ፍላሽ

የቢሮአችን በር ጥበቃ ከድር ዘንቢሌን መፈተሽ የጀመረ ሰሞን የሚያውቁኝ ሁሉ ተገርመው ነበር። «እማማ ዘነቡንም?» አሉ። እኔ ዝም አልኩ፣ ከድርም ዝም አለ። ዛሬ ግን ልንገራችሁ። የሰውን ልጅ እንደ ልጃችሁ አድርጋችሁ ያያችሁ ሰዎች ካላችሁ በተለይ ለእናንተ ነው።

ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ሽንኩርት እየላጥኩ ነው፤ እነሱ ጮክ ብለው ሲቆጥሩ እኔ በሆዴ እከተላቸው ነበር። ተወልጄ ያረጀሁት ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰፈሩ ሲነሳ ዕጣዬ ሩቅ ኮንዶሚኒየም ወጣ። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ፀሐይም ይገባዋል፤ እግሬ ግን እምቢ አለኝ። በየጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ፒያሳ ካልደረስኩ ቀኑ የነጋ አይመስለኝም። አዲሶቹ ጎረቤቶቼ «የእማማ ዘነቡ እግር አያርፍም» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። የማውቀው ሱቅ በነበረበት ቦታ ላይ ሳልፍ እንኳ ቆም ብዬ ሰላም የማለት አመል አለብኝ።

ያን ጊዜ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካለ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ቢሮ ሻይ አፈላ ነበር። አሁንም እዚያው ነኝ። ከደረጃው ሥር ያለችውን ጥግ ለቀቁልኝና ጠዋት ፓስቲዬን በዘንቢል ይዤ እገባለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ባዶ ፔርሙዞቼን ይዤ እወጣለሁ። ቦታውን ያስገኘችልኝ ቅድስት ነበረች።

ቅድስት የክርስትና ልጄ ናት። እናቷ አስካለ በአንድ ግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቴ ነበረች። ግድግዳው ጭቃ ስለነበር እሷ ስታነጥስ እኔ ከወዲህ «ይማርሽ» እላታለሁ፣ እሷም ከወዲያ «ያኑርሽ» ትለኛለች። ቅድስት ወለተ ማርያም ተብላ ስትጠመቅ እነዚህ ክንዶቼ ላይ ነበረች። አስካለ ስትሞት ልጅቷ ኮሌጅ ልትገባ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ «እማዬ» ስትለኝ ኖረች። ተምራ የሥራ አስኪያጁ፣ የኢንጂነሩ፣ ጸሐፊ ሆነች። ከደረጃው ሥር ሆኜ ከሁሉ ሰው ጫማ የእሷን ኮቴ እለይ ነበር።

ስለ አስካለ አንድ ነገር ልጨምር። ወሬ አበዛች አትበሉኝ፣ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። ከሰፈር ስንነሳ የሁለታችንም ቤት የፎቶ አልበም የነበረበት ካርቶን ጠፋ። ከመኪና ወድቆ ይሁን ሰው አንስቶት፣ እንጃ። የአስካለ ፎቶ አንድ እንኳ አልቀረኝም። የሞተ ሰው መልክ ደግሞ ቀስ እያለ ከዓይን ይሄዳል። መጀመሪያ አገጯ ጠፋኝ፤ ቀጥሎ ግንባሯ። የቀረኝ ሳቋ ብቻ ነበር፣ እሱንም የምሰማው እንጂ የማየው አልነበረም።

አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ። ቢሮው አንድ ጨረታ አጣ። ያስገቡትን ዋጋ ሌላ ድርጅት አስቀድሞ አውቆት ኖሯል። በዚያው ሰሞን ደግሞ አንዱ ሠራተኛ ከቤቱ ባመጣው ፍላሽ የተነሳ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ታመው ሥራ ቆመ። የኮምፒውተሩ ባለሙያ ናትናኤል ፍላሽ የሚሰካባቸውን ቀዳዳዎች ከየኮምፒውተሩ ዘጋ። ሻዩን ሲጠጣ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ኮምፒውተሮቹ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ስለሆኑ አንዷ የያዛት በሽታ ወደ ሁሉም ይጋባል፣ ደግሞም አውራ ጣት በማታህል ነገር የቢሮው ጓዳ ሁሉ በኪስ ተይዞ ሊወጣ ይችላል አለኝ። ክፍት የቀረችው የቅድስት ኮምፒውተር ብቻ ነበረች፤ የጨረታው ሰነድ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው በእሷ እጅ ነዋ። ለዚያውም ቢሮው በሰጣት ፍላሽ ብቻ፣ እሱም ወደ ማተሚያ ቤት ካልሆነ በቀር ከመሳቢያዋ እንዳይወጣ።

ኢንጂነሩ ሠራተኛውን ሰብስቦ ደንቡን ሲናገር እኔ ብርጭቆ እየለቀምኩ ነበር። የበሩን ጥበቃ፣ ከድርን፣ አስነሳው። «ከድር፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ይፈተሻል። አንዲት ፍላሽ በዚህ በር ከወጣች አንተም ተከትለሃት ነው የምትወጣው።» ሰው ሳቀ፤ ከድር አልሳቀም። ከድር የወሎ ሰው ነው፣ ግን ዕድሜውን የፈጀው እዚሁ አራዳ ነው። የእሱም ቤት ፈርሶ ኪራይ ገብቷል። ትልቋ ልጁ የነርስነት ትምህርት ጀምራለች፤ ይህን ሥራ ካጣ የሷም ትምህርት እዚያው ላይ እንደሚያበቃ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በማግስቱ ሁሉም ሰው ቦርሳውን ከፍቶ ተሰለፈ። እኔም ዘንቢሌን ዘረጋሁለት። ከድር እጁን ወደ ኋላው አደረገ።

«እማማ፣ የእናቴን ጓዳ የምበረብር ባለጌ መሰልኩዎት? ይለፉ።»

ናትናኤል ሰምቶት «ጋሽ ከድር፣ ሁሉም ነው የተባለው» ቢለው፣ «በፔርሙዝ ኮምፒውተር ይዘው ይወጡብሃል?» አለውና ተሳሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሽበቴ ተከብሮልኝ ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻችኋለሁ። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ እኔ ዘንቢል አላነሳም።

አንድ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ቅድስት ወረደችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ብርጭቆ አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ አልበሙ ሳይጠፋ በፊት የእናቷን ፎቶዎች አንድ በአንድ በስልኳ አንስታ ወደ ቢሮው ኮምፒውተር ገልብጣቸው እንደነበር፣ ረስታቸው ኖራ ዛሬ ሌላ ነገር ስትፈልግ እንዳገኘቻቸው ነገረችኝ። መዳፏን ስትከፍት ጥቁር፣ ትንሽ ፍላሽ አየሁ።

«እኔ ጋ ከተገኘች ደንብ ጣሰች ይሉኛል። አንቺ ይዘሽልኝ ውጪ፣ እማዬ። ከሥራ ስወጣ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ታክሲ መያዣው ጋ እንገናኝ።»

ፈራሁ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፦ «ከድር ላይ ጣጣ አያመጣም?»

«ፎቶ እኮ ነው። የእናቴ ፎቶ ጨረታ ነው እንዴ?»

ልቤ ቀለጠ። ፍላሿን ተቀበልኳት፤ እንደ ጫጩት ሞቃ ነበር፣ ከእጇ ይሁን ከኮምፒውተሩ እንጃ። «ያቺ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ አፏን ከፍታ የምትስቅባት አለችበት?» አልኳት። ወደ ደረጃው ዞር ብላ አየችና «አለች» አለችኝ።

ከነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኳት። እኔ ትልቅ ነገር የማስቀምጠው እዚያ ነው፤ ቦርሳ የሚባል ነገር ይዤ አላውቅም። ብርጭቆዎቼን አጥቤ ስወጣ ከድር በሩ ላይ ከአንዱ መሐንዲስ ቦርሳ ውስጥ የምሳ ዕቃ እያወጣ ነበር። እኔን ሲያይ ተወውና ሁለቱንም ፔርሙዞች ከእጄ ተቀበለኝ። መኪናዎቹን በእጁ አስቁሞ አስፋልቱን አሻገረኝ። «በሉ፣ በደህና ይግቡ» ብሎኝ ተመለሰ።

ቅድስት እስክትወጣ ብዙ ጊዜ ነበረኝ። ቁጭ ብዬ መጠበቅ እንደማልችል ነግሬያችኋለሁ። ሽቅብ ወደ ፒያሳ ስሄድ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ያቺን ቢጫ ቀሚሷን ላሳትማት፣ በፍሬም አድርጌ ለቅድስት ልስጣት። አንዷን ለሷ፣ አንዷን ለራሴ። ደስ ሲለኝ እርምጃዬ እንኳ ተለወጠ።

ከፈረሱት ሱቆች መካከል የተረፈ አንድ ፎቶ ቤት አለ። ባለቤቱን ሙሉጌታን የማውቀው የልጆቼን ክርስትና ፎቶ ሲያነሳ ጀምሮ ነው። ፍላሿን ከነጠላዬ ስፈታ አይቶ «ኧረ እማማ ዘነቡ፣ እርስዎም ዲጂታል ሆኑ? እኔማ የገንዘብ ቋጠሮ የሚፈቱ መስሎኝ» ብሎ ቀለደብኝ። መጀመሪያ ፍሬም መረጥኩ፤ ጠርዙ ወርቃማ የሆነ፣ መሐሉ ላይ የማላውቃት የፈረንጅ ሙሽራ ወረቀት ያለበት። «እቺን አውጥተህ አስካለን ታስገባለህ» አልኩት። ፍላሿን ሰካ። አየ፣ ደግሞ አየ። ቀልዱን ተወ።

«እማማ፣ ይቺ ፍላሽ የማን ናት?»

«የልጄ።»

«ፎቶ የለባትም።»

በደንብ እንዲያይ ለመንኩት። ቢጫ ቀሚስ እንደለበሰች፣ እየሳቀች እንደሆነ፣ ኋላዋ የቆርቆሮ አጥር እንዳለ ነገርኩት። አዘነ መሰለኝ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። የሕንፃ ንድፍ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ ቁጥር በቁጥር ላይ። ከላይ ያለውን ቀይ ቅስት ግን አወቅኩት። በየጠዋቱ ከቢሮው በር ላይ የማየው ምልክት ነው። አጠገቡ በትልቁ የተጻፈውን ቃል እንደ ልጆቼ አንድ በአንድ ቆጠርኩት፦ ም፣ ስ፣ ጢ፣ ር።

ሙሉጌታ ፍላሿን ነቅሎ መለሰልኝ። ከወጣበት ቢመለስ ይሻላል፣ እኔም አላየሁም አለ። ፍሬሙን ይተዉት ቢለኝ እምቢ ብዬ፣ ከፍዬ ወሰድኩት። ለምን እንደወሰድኩት አላውቅም፤ እጄ ይዞት ነበር።

ከበሩ ሳልርቅ ስልኬ ጮኸ፤ ከድር ነው። ድምፁ ቀጥኗል። ናትናኤል የቢሮው ያልሆነ ፍላሽ ዛሬ የቅድስት ኮምፒውተር ላይ እንደተሰካ ደርሶበታል፤ ሠራተኛው ሁሉ እንደገና ተፈትሾ ምንም አልተገኘም፤ ስለዚህ ወጥቷል ተብሎ የደንብ ልብሱን አስረክቦ ነገ ጠዋት ኢንጂነሩ ፊት እንዲቀርብ ታዟል። የደወለልኝ ጸልዩልኝ ለማለት ነው።

«ወላሂ አንድም ሰው ሳልፈትሽ አላሳለፍኩም ብዬ ማልኩላቸው፣ እማማ» አለኝ።

የአምላኩን ስም ጠርቶ ሲምል እኔ ትዝ አላልኩትም። በሱ ቤት እኔ የምፈተሽ ሰው አይደለሁም። አብሽር ከድር፣ ነገ እመጣለሁ ብዬው ስልኩን ዘጋሁ። ቋጠሮዋ ነጠላዬን ወደ ታች የምትጎትተው መሰለኝ።

ቴዎድሮስ አደባባይ ስደርስ ቅድስት ከታክሲ ተራው ትንሽ ራቅ ብላ ቆማለች። ከጎኗ ሞተሩ ያልጠፋ መኪና አለ፤ ውስጡ ያለው ሰውዬ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ያየናል።

«አመጣሽልኝ፣ እማዬ?»

«ቢጫ ቀሚሷ የታለች?» አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ከዘንቢሌ ብቅ ያለውን ፍሬም አየች፤ ፊቷ ተለወጠ።

«ከፈትሽው?»

«ላሳትምልሽ ነበር።»

«ማን ክፈቺው አለሽ? በማታውቂው ነገር ለምን ትገቢያለሽ?»

ከዚያ ድምፅዋን ለስለስ አደረገችና ታግባባኝ ጀመር። ጨረታውን የሚሻሙት እነዚያ ሰዎች ቢሮአቸው ውስጥ ትልቅ ቦታ ሊሰጧት ቃል ገብተዋል፤ ዕድሜ ልኳን የሰው ደብዳቤ ስትተይብ ልትኖር አትችልም፤ ኢንጂነሩም አንድ ጨረታ ቢያጣ አይሞትም። «ከድርስ?» አልኳት።

«ከድር ጥበቃ ነው። ሌላ በር ያገኛል።»

እናቷ ይህን ብትሰማ ብዬ አሰብኩ፤ የእናቷን ስም ግን አፌ ላይ ማምጣት አቃተኝ። «ወለተ ማርያም» አልኳት። እንደዚያ የምጠራት ስትታመም ብቻ ነበር። እሷ እጇን ሰዳ የነጠላዬን ጫፍ ያዘች። እኔም ያዝኩ። በታክሲ ሰልፉ ላይ ያሉ ሰዎች ዞረው አዩን፤ አንዲት ሴት «ኧረ ልጄ፣ ትልቅ ሰው» አለቻት። ቅድስት ለቀቀችኝ። ዓይኗ ደርቆ ነበር።

«እሺ። እንግዲያው ያንቺው ይሁን» አለችኝና መኪናው ውስጥ ገባች። የተናገረችው ያን ጊዜ አልገባኝም።

ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላወራም። ጠዋት ቢሮው ስደርስ በሩ ላይ ከድር የለም። ወደ ላይ ወጣሁ፤ የኢንጂነሩ ክፍል ውስጥ ናትናኤል፣ ቅድስትና ከድር ቆመዋል። ከድር ያለ ደንብ ልብሱ አነስ ብሎ ታየኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ኢንጂነሩ «ይቀመጡ እማማ። ቅድስት ሁሉንም ነግራናለች» አለኝ። ደስ አለኝ። አምናለች፣ ልጄ ተመልሳለች ብዬ እግዜርን አመሰገንኩ።

ከዚያ ቅድስትን ድገሚው አላት። እኔን ሳታይ ተናገረች።

«እኚህ ሴትዮ ፎቶ አውጪልኝ እያሉ ፍላሽ ይዘው ሲመላለሱብኝ ነበር። ደንብ ነው ብዬ እምቢ አልኳቸው። ምሳ ስወጣ ክፍሉ ክፍት ነበር፤ የላካቸው ሰው ይኑር አይኑር እኔ አላውቅም።»

እኚህ ሴትዮ። «እማዬ» የሚለው ቀርቶ ሌላው ሠራተኛ የሚጠራኝ «እማማ» እንኳ አልተረፈኝም። የፎቶውን ነገር ራሱን አዙራ ነው የመታችኝ። ብዙ ሰው ቀብሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ብርድ ግን በሰውነቴ ገብቶ አያውቅም።

ነጠላዬን ፈታሁና ፍላሿን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ከድር ያን ሲያይ ግድግዳውን ተደገፈ። የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገርኳቸው። አነጋገሬ እንደ ልማዴ ዞረ፤ ስለ አልበሙ፣ ስለ ጭቃው ግድግዳ ሁሉ ተናገርኩ። ኢንጂነሩ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። ሁለታችንም ቃል እንጂ ሌላ የለንም፤ እሷ የተማረች ናት፣ እኔ የሻይ ሴትዮ። በመጨረሻ ዘንቢሌ እንዲፈተሽ አዘዘ።

ናትናኤል አንድ በአንድ አወጣ። ፔርሙዝ፣ ብርጭቆ፣ የፓስቲው ጨርቅ። ከሥር ፍሬሙን አወጣና «ይሄስ?» አለ።

«ለአስካለ የገዛሁት ነው» አልኩ። «ፎቶዋ ፍላሿ ውስጥ አለ ስለተባልኩ።»

«አስካለ ማን ናት?» አለ ኢንጂነሩ።

«የሷ እናት።»

ኢንጂነሩ ፍሬሙን ተቀብሎ የፈረንጇን ሙሽራ ብዙ ጊዜ አያት። የሰው ጨረታ ሰርቆ የሚወጣ ሰው ለምን ፍሬም ይገዛል፤ ይህን ሳይናገር ፊቱ ላይ አነበብኩት። ፍሬሙን ወደ ቅድስት ገፋላት። «ውስጡ ምን ሊገባ ነበር?» አላት። እሷም መስታወቱን አየችና «እማዬ» አለች። አልመለስኩላትም። ስትጠራኝ ያልመለስኩላት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቅድስት በዚያው ቀን ተሰናበተች። ኢንጂነሩ ከድርንም ሊያሰናብት ነበር፤ ደንብ ደንብ ነው አለ። እኔ ብድግ አልኩ። ይህ ሰው ያጠፋው ሽበት ማክበሩ ነው፣ ቅጣት ካስፈለገ እኔ ከደረጃው ሥር ልነሳ፣ እሱ ከበሩ አይነሳ አልኩ። ከድር አንገቱን እንደደፋ «ሐሰት ምያለሁ፣ እማማ፤ ይተዉኝ» አለ። ኢንጂነሩ በመስኮቱ ወደ ድልድዩ ሲያይ ቆየና የደንብ ልብሱን ከወንበሩ ላይ አንስቶ ሰጠው። «ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ይፈተሻል፤ ከእማማ ዘነቡ ጀምረህ» አለው።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ሰው አትመኑ አልላችሁም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ሳላምን መኖር አልችልበትም። የልጅ ልጆቼ ግን አሁን ይህን ያዢልኝ ሲሉኝ ምንድን ነው ብዬ እጠይቃለሁ፤ ይስቁብኛል። ያ ደንብ ሲወጣ ለእኔ አይነት ሰው አልመሰለኝም ነበር። የተከበርኩ መስሎኝ ያለፍኩበት በር ለካ ለቅድስት የተከፈተ በር ነበር። መከበሬን እንደ ዘንቢል ተጠቀመችበት።

ቅድስት ትደውልልኛለች። አነሳለሁ። ጤናዬን ትጠይቀኛለች፣ ደህና ነኝ እላታለሁ። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ «እውነቱን ንገሪኝ፣ አንድም ፎቶ አልነበረም?» አልኳት። «አልነበረም፣ እማዬ» አለችኝ። ከሁሉም ያቺ ናት ያመመችኝ፤ አስካለን ሁለተኛ የቀበርኳት ያን ቀን ነው።

አሁን ከድር በየዕለቱ ይፈትሸኛል። ጠዋት ስገባ ዘንቢሉን በአንድ ጣቱ ገለጥ ያደርጋል፤ ከሰዓት ስወጣ ፔርሙዞቹን ያንቀጠቅጣል፤ ዓይኑን ግን ሌላ ቦታ ያሳርፋል። «ይለፉ» ይለኛል። አላልፍም። እዚያው ቆሜ የነጠላዬን አራቱንም ጫፍ እዘረጋለታለሁ። እስኪያይ ድረስ እጠብቀዋለሁ። ካየ በኋላ ፔርሙዞቼን ተቀብሎ አስፋልቱን ያሻግረኛል።